ቅናሹ የሚቆጠረው በሰው ሳይሆን በክፍል ነው

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ጤና ይስጥልኝ። ቋሚ አንባቢያችሁ ነኝ። ጡረታ እስክወጣ ድረስ እዚሁ ባሕር ዳር በሒሳብ ሠራተኛነት አገልግያለሁ። በቤተሰባችንም ገንዘብ ያዥ እኔ ነኝ። ሠርግ ሲሆን፣ ተዝካር ሲሆን፣ እማማ ሐኪም ቤት ሲገቡ፣ «ለእትዬ ላኩ» ይባላል።

የምጽፍላችሁ ስለ አንድ ጥያቄ ነው። «ብዙ ሰው ከሆንን ይቀንሱልናል ወይ?» ከዕድራችን ሴቶች ሰምቼዋለሁ። ልጆቻቸው ውጭ አገር ካሉ ጎረቤቶቼ ሰምቼዋለሁ። ከራሴ ቤተሰብማ ጆሮዬ እስኪደነቁር ሰምቼዋለሁ። የሚጠየቀው ስለ መርከብ ሽርሽር ነው፤ ክሩዝ ስለሚሉት። በመጨረሻ ግን ወደ ጣና ጀልባዎች እመጣለሁ። ድሮ የፈረንጅ ብቻ ይመስለን ነበር። አሁን ሜሪላንድና አትላንታ ያሉት ልጆቻችን ዘመድ ለመሰብሰብ ይህንኑ ይመርጣሉ። ምክንያታቸው ይገባኛል። እዚያ አገር ሃያ ሰው የሚያሳድር ቤት ስንቱ አለው? መርከቡ ላይ መኝታውም፣ ምግቡም፣ የልጆች መጫወቻውም በአንድ ሒሳብ ነው። ማን ወጥ ይሥራ፣ ማን ዕቃ ይጠብ የሚል ጭቅጭቅ የለም።

የእኛዎቹም ይህንኑ አሰቡ። ከባልቲሞር ወደብ ተነሥቶ ወደ ባሃማስ የሚሄድ መርከብ አዩ። የታላቅ እህቴ ልጅ የቴሌግራም ግሩፕ ከፈተ። ከላዩ ላይ «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ብሎ ለጠፈ። አንበሳው የመርከብ ኩባንያው መሆኑ ነው። ድሩ ግን ብዙም ሳይቆይ መበጣጠስ ጀመረ። አንዱ በረንዳ ያለው ክፍል ካልሆነ አልሄድም ይላል። ሌላዋ መስኮት የሌለው ይበቃናል፣ መኝታ ልንቆጥር ነው እንዴ የምንሄደው ትላለች። አንዱ ፈቃድ የሚያገኘው በሐምሌ ነው። የሌላው ልጆች በሐምሌ ሌላ ፕሮግራም አላቸው። በመጨረሻ «እትዬ ሒሳቡን አንቺ እዪልን» ተባለ። ወረቀቱ ባሕር ዳር መጣ።

ሳየው መጀመሪያ ዓይኔ የገባው ነገር ይህ ነው፦ ኩባንያዎቹ ቡድን የሚሉት ሰው ቆጥረው አይደለም። ክፍል ቆጥረው ነው። እንደ ሮያል ካሪቢያንና ካርኒቫል ያሉት ትልልቆቹ የቡድን ዋጋ የሚሰጡት በተለምዶ ከ8 ክፍል ጀምሮ ነው። በአንድ ክፍል ሁለት ሰው ስለሚታሰብ 16 ሰው ማለት ነው። እኛ «ሃያ ነን» ብለን ደረታችንን እንነፋለን። ሃያው ሰው ግን ለመቆጠብ ብሎ አራት አራት ሆኖ ከተኛ የያዘው አምስት ክፍል ነው። በኩባንያው ዓይን ቡድን አይደለም። ልጅ ያላስከተሉ ስምንት ባልና ሚስት ግን ቡድን ናቸው።

ታዲያ ስምንት ክፍል ለመሙላት መበታተን ይሻላል? እዚህ ላይ ረጋ ብሎ መደመር ነው። ዋጋው የሚነገረው ለአንድ ሰው ነው፤ ግን ሁለት ሰው በአንድ ክፍል እንደሚተኛ ታስቦ ነው። በዚያው ክፍል ሦስተኛና አራተኛ ሰው ሲጨመር አብዛኛውን ጊዜ ያነሰ ይከፍላል። እንበል የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ 800፣ 800 ዶላር ቢከፍሉ፣ ሦስተኛውና አራተኛው 400፣ 400 ቢባሉ፣ ክፍሉ 2,400 ወጣበት። ለአራት ሲካፈል ለአንድ ሰው 600 ዶላር ነው። አሁን ደግሞ ሁለት ሁለት ሆነው፣ ቡድን ተብለው፣ ለአንድ ሰው 50 ዶላር ተቀነሰላቸው እንበል። አንዱ 750 ከፈለ። ቅናሽ አገኘን ብለን እልል ስንል 150 ዶላር አስበልጠን ከፈልን ማለት ነው። ቁጥሮቹ ለምሳሌ ያህል ናቸው፤ በየመርከቡና በየወቅቱ ይለያያሉ። አደማመሩ ግን ያው ነው። ልጆች የበዙበት ቤተሰብ ቅናሹን የሚያገኘው ክፍሉ ውስጥ ነው። ትልልቅ ሰው የበዛበት ደግሞ በቡድኑ።

ታናሽ እህቴ ይህን ስነግራት «አራት ሰው በአንዲት መታጠቢያ ቤት!» አለችኝ። ልክ ናት። መርከብ ላይ ያለችው መታጠቢያ ቤት ጠባብ ናት። ጎረምሳ ልጅ ከአያቱ ጋር በአንድ ክፍል አስተኝቶ 150 ዶላር አተረፍኩ የሚል ሰው ካለ ይታሰብበት። እኛ ያደረግነው ሁለቱን መቀላቀል ነው። ትንንሽ ልጆች ያሏቸው ከልጆቻቸው ጋር በአንድ ክፍል ሆኑ። ትልልቆቹ ሁለት ሁለት ሆኑ። ያላገባው ወንድሜ ብቻውን ሊይዝ ነበር። ብቻውን የሚተኛ ሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ የሁለት ሰው ዋጋ ይጠየቃል። ከአክስቱ ልጅ ጋር አጣመርነው። ያንኮራፋል ተብሎ አቤቱታ ቀርቦ ነበር፤ አልተቀበልኩም።

ግብርና የወደብ ክፍያ የሚባለው ሌላ ነው። እሱ በነፍስ ወከፍ ነው፤ አራተኛ ሆኖ የተኛውም፣ ታቅፋ የምትሄደው ሕፃንም ትከፍላለች። በየቀኑ ለሠራተኞች የሚታሰብ ጉርሻም አለ፤ እሱም በሰው ነው። ማስታወቂያው ላይ ያለው ቁጥርና መጨረሻ ላይ የሚከፈለው ቁጥር የሚራራቁት በዚህ ነው። ስለዚህ ዋጋ ስትጠይቁ «ሁሉንም ጨምሮ፣ ለዚህ ክፍል፣ ለእነዚህ ሰዎች ስንት ነው?» በሉ። ለአንድ ሰው ስንት ነው ብሎ መጠየቅ ቅናሹን እንዳታዩት ያደርጋል።

አሁን ወደ ዋናው ጠብ ልምጣ። ቡድን ስትሆኑ አንድ ነጻ ቦታ የሚባል ነገር አለ። በብዙዎቹ ኩባንያዎች አሠራር 16 ሰው ሙሉ ዋጋ ከከፈለ የአንድ ሰው የመሳፈሪያ ዋጋ ይቀራል። ሦስተኛና አራተኛ ሆነው የተኙት ብዙ ጊዜ እዚህ ቁጥር ውስጥ አይገቡም፤ እነሱ አስቀድሞ ተቀንሶላቸዋልና። ነጻ ይባል እንጂ ግብሩ፣ የወደብ ክፍያውና ጉርሻው አይቀርም።

ይህ አንድ ቦታ ቤታችንን አመሰው። የእህቴ ልጅ «የለፋሁት እኔ ነኝ» አለ። እውነት ነው፤ ሌሊት እየተነሣ ስልክ የደወለው እሱ ነው። ሌላው «ለእማማ ይሁን» አለ። ይህን ሲል ማን ይቃወመዋል? ሁሉም ዝም አለ። በኋላ ግን ለየብቻ እየደወሉ «እትዬ፣ የእማማን እኮ አስቀድመን ልንከፍል ተስማምተን ነበር» ይሉኝ ጀመር። አንዷ ደግሞ ባሏ ሥራ ላይ እንዳልሆነ ነገረችኝ፤ ለሌላ እንዳልናገር አደራ ብላ።

እኔ የወሰንኩት እንዲህ ነው። ነጻ የተባለው 800 ዶላር ቢሆን ለ16 ሰው ሲካፈል ለእያንዳንዱ 50 ዶላር ነው። ከሁሉም ሒሳብ ላይ እኩል ይቀነስ። ለደከመው ልጅ ደግሞ ቤተሰቡ በገዛ ፈቃዱ የስልክና የድካም ያዋጣለት፤ ለብቻው፣ በግልጽ። ሥራ የፈታውን ቤተሰብ መርዳት የፈለገም በጎን ይርዳ፤ ቅናሹ ውስጥ አይደበቅ። የእህቴ ልጅ ለጥቂት ቀን አኩርፎኝ ነበር። አሁን ታርቀናል።

ይህን ሁሉ የምለው ማንም ቤተሰብ ነጻ ቦታው ለማን እንደሚሆን ገንዘብ ከመዋጣቱ በፊት ይወስን ለማለት ነው። ከተዋጣ በኋላ ዘመድ ያጣላል።

ሌላው የጊዜ ነገር ነው። የጉዞ ወኪሉ ክፍሎቹን በቡድኑ ስም ለተወሰነ ጊዜ ያስይዛል። በተያዘበት ቀን የነበረው ዋጋ ለቡድኑ ይቆያል። ያልተፈለገውን ክፍል እስከ ቀነ ገደቡ ድረስ ያለ ቅጣት መመለስ ይቻላል። ስለዚህ ሰው ሁሉ ቁርጡን እስኪናገር መጠበቅ አያስፈልግም፤ አስቀድሞ ሰፋ አድርጎ ይዞ፣ የማይሄደውን በጊዜው መልቀቅ ነው። የእኛ ሰው ግን «እናያለን»፣ «እግዜር ካለ» እያለ ያቆየዋል። ቀብድ የሚከፈልበት ቀን አለ፤ ሙሉው የሚከፈልበት ቀን አለ፤ ይኼኛው አብዛኛውን ጊዜ መርከቡ ከመነሣቱ ሦስት ወር ገደማ በፊት ነው። ከዚያ በኋላ የቀረ ሰው ገንዘቡ ይቀጣበታል። ከስምንቱ ክፍል ሁለቱ ቢቀሩ ቡድኑም ሊፈርስ ይችላል። ያኔ ቅናሹ ለቀሩት ብቻ ሳይሆን ለሄዱትም ይጠፋል።

አንዳንዴ ደግሞ ኩባንያው ለሁሉም ሰው የሚያወጣው የወቅት ቅናሽ ከቡድኑ ዋጋ ይወርዳል። ሁለቱን ደርቦ ማግኘት ሁልጊዜ አይቻልም። ስለዚህ ቡድን ነን ብሎ ዓይንን ጨፍኖ መቀመጥ አይደለም። ሙሉው ከመከፈሉ በፊት አንድ ሰው ዋጋውን ደግሞ ደጋግሞ ይይ። ከወረደ «በዚህኛው አድርጉልን» ማለት ነው።

ስለ ስም ትንሽ ልበል፤ ይህን ፈረንጁ ወኪል አይነግራችሁም። እነሱ ዘንድ ቤተሰብ ማለት በአንድ የቤተሰብ ስም የሚጠራ ነው። እኛ ዘንድ ባል በአባቱ፣ ሚስት በአባቷ፣ ልጆች ደግሞ በአባታቸው ስም ይጠራሉ። አምስት ሰው ያለበት ቤት ፎርሙ ላይ ሦስት የማይተዋወቁ ወገኖች ይመስላል። እንዲያውም ሁለት ወንድማማቾች የአንድ አባታቸውን ስም በፓስፖርታቸው ላይ በተለያየ ፊደል አስጽፈውታል። ክፍሎቹ እንዲያያዙ፣ ራት በአንድ ሰዓትና በተቀራረበ ጠረጴዛ እንዲሆን፣ «አንድ ቤተሰብ ነን፣ አያይዙን» ብሎ በቃል ሳይሆን በጽሑፍ መጠየቅ ያስፈልጋል። እናት ለብቻዋ ከልጇ ጋር ከሄደች የልደት ምስክር ወረቀትና የአባት የስምምነት ደብዳቤ ትያዝ። ስማቸው ስለማይገጥም ወደብ ላይ ይጠየቃሉ። ዕድሜም በእኛ አቆጣጠር አይነገር፤ ፓስፖርቱ ላይ ያለው ነው የሚታየው። ስድስት ወር ያልሞላት ሕፃን በብዙዎቹ መርከቦች አትሳፈርም፤ የሚቆጠረውም መርከቡ በሚነሣበት ቀን ነው።

ቪዛው ደግሞ የብዙዎቻችን ነገር ያበቃበት ነው። መርከቡ ከአሜሪካ ወጥቶ ሌላ አገር ደርሶ ሲመለስ፣ መንገደኛው እንደገና አሜሪካ እየገባ ነው። አንድ ጊዜ ብቻ በሚያስገባ ቪዛ የሄደ የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው ችግር ላይ ይወድቃል። መርከቡ የሚቆምባቸው አገሮች የሚጠይቁትም ለየብቻ መታየት አለበት። ወረቀቱ ያልተሟላ ሰው ወደብ ላይ ይቀራል፤ ገንዘቡም አይመለስም። ቪዛ ሳይያዝ ቀብድ አይከፈል። እኔም አንዳንድ ዘመዶቼም እዚህ ላይ ቀረን።

ስለ ወኪሎችም አንድ ነገር። አንዱ ስማቸውን የማልጠራቸው ወኪል የሁላችንንም ገንዘብ በግል ሒሳብ ቁጥሬ አስገቡ አሉ። የቦታ ማስያዣ ቁጥር ስንጠይቅ «ሙሉው ሲገባ ይመጣል» አሉን። የሒሳብ ሰው ነኝና እዚያው አቆምኩት። በቡድን መያዝ ማለት ገንዘብ በአንድ ሰው ኪስ ማጠራቀም ማለት አይደለም። እያንዳንዱ ክፍል የየራሱ ቁጥርና የየራሱ ደረሰኝ ሊኖረው ይችላል፤ እያንዳንዱም በራሱ ካርድ መክፈል ይችላል። ቁጥሩን ይዞ ራሱ ኩባንያው ዘንድ ደውሎ «ይህ ቦታ በስሜ አለ ወይ?» ብሎ ማጣራት ነውር የለውም። ዘመድ ነው፣ ያገራችን ልጅ ነው፣ ቤተ ክርስቲያን አብረን ነን፤ ይህ ደረሰኝ አይሆንም።

እማማ ፍኖተ ሰላም ነው የሚኖሩት። ይህን ሁሉ ወሬ ስነግራቸው ዝም ብለው ሰሙኝ። ምግቡ ቀንም ሌሊትም ነው ስላቸው «በጾምስ?» አሉ። የአትክልት ምግብ አለ፣ አስቀድሞ ከተነገራቸው ያዘጋጃሉ አልኳቸው። «ውሃ ለማየት ነው ይኼ ሁሉ?» አሉኝ። አዎ አልኳቸው። «ጣናን ምን ነካው ታዲያ? አንቺስ ጣና ዳር እየኖርሽ አንድ ቀን ወስደሽኛል?»

ምን እመልሳለሁ? ይህ ደብዳቤም ከዚህ በኋላ ስለ ጣና ነው። ዋናው ነገሬም ይኼኛው ነው፤ ባሕር ዳር ያላችሁ የጀልባ ባለቤቶች እንድትሰሙኝ ነው።

የሰላሙን ነገር ሁላችንም እናውቀዋለን። መንገዱ ክፍት በሆነ ቀን እማማን አምጥተን፣ ከዳንግላና ከመራዊ ዘመዶቻችን ተጨምረው፣ እንደ አሜሪካዎቹ በአንድ ጀልባ እንሁን አልን። ዋጋ ለመጠየቅ ወደ ሐይቁ ዳር ወረድኩ። አንዱ ለአንድ ሰው ይነግረኛል። ሌላው ለጀልባው። ሦስተኛው «እናንተ ስንት ናችሁ?» ብሎ ይጠይቅና ስንት እንደሆንን ሲሰማ ዋጋው ይወጣል እንጂ አይወርድም! ደላላው ደግሞ መሐል ገብቶ ጆሮዬ ላይ ያንሾካሽካል። አብራኝ የነበረችው የእህቴ ልጅ አማርኛዋ የውጭ ቅላጼ ስላለው ዋጋው ወዲያው እጥፍ ሆነ። «አንቺ ዝም በይ» ብዬ ነበር ወደ ታች የወሰድኳት፤ አልቻለችም።

ጀልባ ሲነሣ የሚበላው ነዳጅ ሁለት ሰው ቢጫንም ዐሥር ቢጫንም ብዙም አይለያይም። ሾፌሩም አንድ ነው። ስለዚህ የእኛ የጀልባ ሒሳብ ከመርከቡ ይልቅ ቀላል ነው። ዋጋው የጀልባው ነው፤ ሰው ሲበዛ ለየሰው ይቀንሳል። ኮንትራት የምንለው ይኸው ነው። ኮንትራት ስትይዙ ግን የሚጠየቁ ነገሮች አሉ። ነዳጁ ውስጡ ነው ወይ? ስንት ቦታ ይቆማል? እየጠበቀን ስንት ሰዓት ይቆያል? አስጎብኚው የማን ነው? የገዳማቱ መግቢያ በየሰው ነው፤ እዚያው ነው የሚከፈለው፤ ጀልባው ውስጥ አይደመርም። ይህን ያልጠየቀ ቤተሰብ ዘጌ ደርሶ እንደገና ኪሱን ይፈትሻል።

ሴት የበዛበት ቤተሰብ ደግሞ መጀመሪያ የት እንደሚሄድ ይወስን። ክብራን ገብርኤል ሴት አይገባም። ዳጋ እስጢፋኖስም እንዲሁ። የአፄ ዘርአ ያዕቆብና የአፄ ፋሲል አጽም ያለበት ስለሆነ ወንዶቹ ይጓጉለታል። መንገዱም ሩቅ ነው፤ ነዳጁም እንደዚያው። ደርሰው ወንዶቹ ሽቅብ ይወጣሉ፤ እኛ ጀልባው ውስጥ ቁጭ ብለን ዳቦ እንቆርሳለን። የእኔ ክርክር በሥርዓቱ ላይ አይደለም፤ ሥርዓት ነው። ግን የጀልባውን ዋጋ እኩል አዋጥተን ግማሻችን ጀልባ ውስጥ የምንቀር ከሆነ ወንዶቹ ያንን ጉዞ ለብቻቸው ይያዙ። እቴጌ ምንትዋብ ያሠሯት ናርጋ ሥላሴ ሴትም ወንድም ይገባባታል፤ እሷም ከባሕር ዳር ራቅ ትላለች።

ለእማማ የመረጥነው ዘጌን ነው። በጀልባ አንድ ሰዓት ያህል ነው። አዝዋ ማርያም ከማረፊያው ቅርብ ናት፤ ጉልበት አትጠይቅም። ዑራ ኪዳነ ምሕረት ግን በቡናው ጫካ ውስጥ ሽቅብ መውጣት አለው። መንገዱ ድንጋይ ድንጋይ ነው፤ ሥዕሉ ግን ድካሙን ያስረሳል። እማማ እስከ አዝዋ ይሄዳሉ፤ ልጆቹ ዑራ ይወጣሉ፤ አንድ ሰው ከእማማ ጋር ይቀራል። ይህንንም አስቀድመን ለጀልባው ሰው መንገር አለብን፤ «ቶሎ ኑ፣ ሰዓት አልቋል» እንዳይል።

ጠዋት መነሣት ነው። ጣና ከሰዓት በኋላ ንፋስ ያነሣል፤ ማዕበሉ ለሽማግሌና ለሕፃን አይሆንም። ላይፍ ጃኬት በሰው ልክ ይቆጠር፤ የሕፃን ልክ አለ ወይ ተብሎ ይጠየቅ። አንድ ባለጀልባ «ሰው ጨምሩና ለየሰው ይርከሳችሁ» አለኝ፤ ጃኬቱን ስቆጥረው አይደርስም። እንዲህ ያለ ቅናሽ ይቅርብን።

እንግዲህ የጀልባ ማኅበራት፣ ልመናዬ ይህ ነው። ሐይቁ ዳር፣ ሁሉም በሚያየው ቦታ ላይ ዋጋ ይለጠፍ። ወደ ደብረ ማርያም በጀልባ ይህን ያህል፣ ወደ ዘጌ ይህን ያህል፣ ጀልባው የሚይዘው ሰው ይህን ያህል፣ መቆያው ይህን ያህል ሰዓት ተብሎ። ሁለት ወይም ሦስት ጀልባ በአንዴ ለሚይዝ ዘመድ የሚቀነሰውም ይጻፍ። በሥራ ቀን ጠዋት ጀልባዎቹ ታስረው ይውላሉ፤ በእነዚያ ቀናት ለቤተሰብ ዝቅ ያለ ዋጋ ቢኖር ማን ይጎዳል? ለልጆች ግማሽ ይሁን። ያኔ ደላላው ሌላ ሥራ ይፈልግ።

በየብስ ከጅቡቲ ተጎትታ የመጣችው መርከብ፣ ጣና ነሽ ሁለትም አለች። ከ180 በላይ ሰው ትይዛለች ተብሏል። በነፍስ ወከፍ ብቻ ነው የምታስከፍለው ወይስ ለማኅበር፣ ለትምህርት ቤት፣ ለሠርገኛና ለቤተሰብ የተለየ ዋጋ ይኖራታል? መርከቡ ላይ ጽዋ ማኅበር ቢጠጣስ? የሚመለከታቸው ቢመልሱልኝ ደስ ይለኛል። ሃያ ወንበር በአንዴ የሚይዝ ሰው ያለ ቅናሽ መሄዱ እኔ በሠራሁበት ሒሳብ ትክክል አይመጣም። የባሃማሱ ኩባንያ ከስምንት ክፍል ጀምሮ የሚቀንሰው ለእኛ አዝኖ አይደለም። ባዶ ክፍል ይዞ ከመሄድ ስለሚሻለው ነው። ባዶ ወንበርም ያው ነው።

ይህ ሐይቅ 37 ደሴቶች አሉት ይባላል። ዩኔስኮም መዝግቦታል። እኔ ግን የማውቃቸው የባሕር ዳር ልጆች ብዙዎቹ አንዱንም አልረገጡም። ዓሣ ጥብስ በልተው፣ ዳር ላይ ፎቶ ተነሥተው፣ ይመለሳሉ። ስትጠይቋቸው «ውድ ነው» ይላሉ። ስንት እንደሆነ ስትጠይቋቸው ግን አያውቁትም። የተለጠፈ ነገር የለማ!

ዝግጅት ክፍሉን የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። ዋጋውን የለጠፈ የጀልባ ማኅበር ካለ በሚቀጥለው ዕትማችሁ አውጡልን። እኛ ዝናቡ እንዳባራ፣ በጥቅምት መጀመሪያ፣ በሥራ ቀን ጠዋት እንነሣለን። 22 ሰዎች ነን፤ ከእነዚህ ዘጠኙ ልጆች ናቸው። አንዲት ጉልበታቸውን የሚያማቸው እናት አሉ። መውጫና መውረጃው ላይ ደገፍ የሚያደርግ ሰው ያለው ጀልባ ይቀድማል። ቀብድ በደረሰኝ እንከፍላለን።

ከማክበር ሰላምታ ጋር
ጡረታ የወጣሁ የሒሳብ ሠራተኛ
ባሕር ዳር